ከአንገት ወደ ክንድ ለሚወርድ የነርቭ ሕመም የሚሰጡ መርፌዎች፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ሕመም ሲበረታ «መርፌ ቢወጉ ይሻልዎታል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ከፋርማሲ፣ ከጎረቤት፣ ከሐኪምም። የሚመከረው መርፌ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። መቀመጫ ላይ የሚወጋ ዲክሎፌናክ አለ። በኤክስሬይ እየታየ ወደ አከርካሪው ቦይ የሚገባ ስቴሮይድ፣ ማለትም መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ አለ። በአልትራሳውንድ እየታየ ነርቩ አጠገብ የሚፈስም አለ። ከነርቩ ሥር ጋር ጨርሶ የማይገናኝ፣ ጡንቻ ወይም መገጣጠሚያ ላይ የሚሰጥም አለ። ዋጋቸውም፣ አደጋቸውም፣ የሚያክሙት ሕመምም ለየቅል ነው።

ፍርዳችንን ከመነሻው እናስቀምጥ። የክንዱ ጉልበት እስካልደከመ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት አብዛኛው ሰው የአከርካሪ መርፌ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላም እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ከቀጠለና ኤምአርአዩ (በማግኔት የሚነሣው የአንገት ሥዕል) ከሕመሙ ጋር ከተስማማ፣ ቀዳሚው ምርጫ በአንገቱ ግርጌ ከኋላ በኩል በኤክስሬይ እየታየ የሚሰጠው የኤፒዱራል መርፌ፣ ማለትም ከሕብለ ሰረሰር ከረጢት ውጭ ወዳለው ክፍተት የሚገባው፣ ነው። ከጎን በኩል ወደ ነርቩ መውጫ ቀዳዳ የሚገባው መርፌ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ዴክሳሜታዞን የተባለው ጥርት ያለ ስቴሮይድ ሲሆን ብቻ። ሌሎቹ መርፌዎች በአብዛኛው የሌላ ሕመም መርፌዎች ናቸው።

መጀመሪያ፣ ሕመሙ በእርግጥ የአንገት ነርቭ ነው?

የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ ከመካከላቸው የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ግን ስምንት ጥንድ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ሐኪሞች ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7 እና ሲ8 ብለው የሚጽፏቸው ናቸው። ሲ7 ከሁሉም ይበልጣል፣ ሲ6 ይከተለዋል። እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። ሲ5 ሲጎዳ ሕመሙ የትከሻው ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ክንድን ወደ ጎን ማንሣት ይከብዳል። ሲ6 ወደ አውራ ጣትና ወደ ጠቋሚ ጣት ይወርዳል። ሲ7 መካከለኛውን ጣት ያደነዝዛል፤ ሰውየው ከወንበር ሲነሣ በዚያ እጁ ገፍቶ መነሣት ያቅተዋል። ሲ8 ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ይይዛል፣ የጭብጥ ጉልበትን ያላላል።

ሁለት ምልክቶች ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። አንደኛው፣ ጭንቅላት ወደሚያመው ጎን አዘንብሎ ወደ ኋላ ሲቀና ሕመሙ ወደ ክንድ ሲወረወር ነው። ይህን ሐኪሙ ይመርምር እንጂ ራስዎ በኃይል አይሞክሩት። ሁለተኛው፣ የሚያመውን እጅ አናት ላይ ሲያስቀምጡ ሕመሙ ሲቀል ነው። ብዙ ሕመምተኞች ማንም ሳይነግራቸው ሌሊት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ፤ ነርቩ በዚያ ሁኔታ መወጠሩ ስለሚላላ ነው።

አስመሳዮቹ ብዙ ናቸው። ሌሊት ከአውራ ጣት እስከ ቀለበት ጣት የሚያደነዝዝና እጅን ሲያራግፉት የሚሻለው የእጅ አንጓ ላይ የተጨመቀ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ክንድን ከትከሻ በላይ ሲያነሡ ብቻ የሚያመው የትከሻ ጅማት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥልና ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው አልማዝ ባለጭራ ነው። ለነዚህ ለአንዳቸውም ቀዳሚው ሕክምና የአንገት መርፌ አይደለም።

ኤምአርአይ ላይ «የዲስክ (በአጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት» የሚል ቃል ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች አንገት ሲነሣም፣ በተለይ ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ፣ ያበጠ ዲስክና ሾሎ የበቀለ አጥንት በብዛት ይታያል። ዋናው መስማማቱ ነው። ሥዕሉ በስተቀኝ ሲ6 እና ሲ7 አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ተጫነ ካለ፣ የሚደነዝዘውም የቀኝ እጅ መካከለኛ ጣት መሆን አለበት። ሥዕሉ በግራ፣ ሕመሙ በቀኝ ከሆነ ማንም መርፌ ከማንሣቱ በፊት ጉዳዩ እንደገና ይታይ።

መርፌ ፈጽሞ የማይቀድምባቸው ሁኔታዎች

ቁልፍ መቆለፍ፣ መጻፍ ወይም ጉርሻ መጠቅለል ያቃተው፣ ሲራመድ እግሩ የሚተሳሰርበት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው ሰው የተጨመቀበት ሕብለ ሰረሰሩ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው በአስቸኳይ የነርቭ ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል። በየቀኑ እየከፋ የሚሄድ የክንድ መዛልም እንደዚሁ።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት ወይም ጋደም ሲሉ የማይቀል የአንገት ሕመም ካለ የአከርካሪ ቲቢ፣ ብሩሴሎሲስ (ከከብት የሚተላለፍ በሽታ) ወይም ዕጢ መኖሩ ይጣራ። ይህ በእኛ አገር በወግ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ በቲቢ የተያዘ አከርካሪ አጠገብ ማፍሰስ በሽታውን ያባብሳል። ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን አስታግሶ ምርመራውን ሊያዘገይ መቻሉም ሌላው ጉዳት ነው።

ወጌሻንም እዚሁ እናንሣ። ክንድ እየነዘረ አንገትን ማስጠምዘዝ ወይም «ቀጭ» ማስደረግ የተንሸራተተውን ዲስክ ወደ ሕብለ ሰረሰር ሊገፋው፣ በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን የደም ቧንቧም ሊሰነጥቀው ይችላል። ትከሻን ቀስ አድርጎ ማሸት ግን አይጎዳም።

መቀመጫ ላይ የሚሰጡት

በከተማም በገጠርም በብዛት የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። የዲክሎፌናክ 75 ሚሊግራም መርፌ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕመምን ያስታግሳል። ክኒኑን መዋጥ ለሚችል ሰው ግን ከክኒኑ ብዙም አይበልጥም፣ ከሁለት ቀን በላይም መቀጠል የለበትም። ኩላሊቱ ለደከመ፣ የጨጓራ ቁስል ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው መርፌውም ክኒኑም እኩል አደጋ አላቸው። መቀመጫ ላይ በተሳሳተ ቦታ የተወጋ መርፌ የእግርን ትልቅ ነርቭ ሊጎዳ መቻሉም መታወቅ አለበት። ለክንድ ሕመም ሄዶ እግር መጎዳት የሚያሳዝን ነገር ነው።

ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 በአንድነት የያዘው ቀይ መርፌ እጥረት ላለበት ሰው፣ ለምሳሌ ሜትፎርሚንን ለዓመታት ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ ይጠቅማል። ዲስክ የተጫነውን ነርቭ ግን ከጭነቱ አያላቅቀውም። ተከታታይ አሥር መርፌ ታዞልዎት ከሆነ የቢ12 መጠንዎ በደም ምርመራ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከኋላ በኩል የሚገባው የኤፒዱራል መርፌ

በአንገት ነርቭ ሥር ሕክምና ብዙ ልምድና የተሻለ የደህንነት ታሪክ ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንየው።

ኤፒዱራል ማለት ሕብለ ሰረሰርን ከሸፈነው ከረጢት ውጭ ያለው፣ ስብና ደም ሥር የሞላው ቀጭን ክፍተት ነው። በምጥ ጊዜ ማደንዘዣ የሚሰጠውም ወደዚሁ ክፍተት ነው፤ ያኛው ግን በወገብ ነው። አንገት ላይ ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነና ከፊቱ ሕብለ ሰረሰሩ ስላለ ሐኪሙ የሚገባበት ደረጃ ወሳኝ ነው። ትክክለኛው ቦታ በሲ7 እና በቲ1 (ከአንገት በታች ባለው የመጀመሪያ የጀርባ አጥንት) መካከል፣ ማለትም አንገት ሲጎነበስ ጎልቶ በሚወጣው ጉብታ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበራት ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር በተመካከሩበት የጋራ መግለጫ፣ መርፌው በዚህ ቦታ ቢሰጥ እንደሚመረጥና ከሲ6–ሲ7 በላይ እንዳይሰጥ አሳስበዋል። ምክንያቱ ከዚያ በላይ ክፍተቱ ይበልጥ መጥበቡ ነው። ሕመሙ የሲ6 ቢሆንም ችግር የለውም፤ ከታች የገባው መድኃኒት ወደ ላይ ይሰራጫል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው በደረቱ ተኝቶ ወይም ተቀምጦ አንገቱን ይጎነብሳል። ቆዳው በፀረ-ተሕዋስያን ይጸዳል፣ በሊዶኬይን ይደነዝዛል። ጫፉ ጎበጥ ያለ የኤፒዱራል መርፌ በዝግታ ይገባል። መርፌው ላይ የተገጠመው ሲሪንጅ ሲገፋ እምቢ ይላል፤ የመጨረሻው ጅማት ሲበሳ እምቢታው ድንገት ይለቅቃል። ችግሩ በአንገት አካባቢ ይህ ጅማት መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ ያልተገጠመ ክፍተት ያለው መሆኑ ነው። እጅ ብቻ ሊታለል ይችላል። ስለዚህ በሲ-አርም፣ ማለትም እየተዟዟረ በሚያነሣው ኤክስሬይ፣ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎን ወይም ከሰያፍ ማዕዘንም የመርፌው ጥልቀት መታየት አለበት። ከዚያ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር የሚሆን የኤክስሬይ ቀለም ይገባና ወዴት እንደሚፈስ ይታያል። ትክክለኛ ቦታ ላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ስቴሮይዱ ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜ ሜቲልፕሬድኒሶሎን 40 ወይም 80 ሚሊግራም፣ አለበለዚያ ዴክሳሜታዞን 10 ሚሊግራም ገደማ፣ በጥቂት ሚሊ ሊትር ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ተበርዞ። ሥራው ራሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ክትትል ይደረጋል።

ኤክስሬይ የሌለበት ክፍል ውስጥ «እጄ ያውቀዋል» ተብሎ አንገት ላይ ኤፒዱራል መሰጠት የለበትም። ይህን ሳናለሳልስ እንናገራለን። ወገብ ላይ መርፌው ትንሽ ቢስት የሚያስከትለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነው፤ አንገት ላይ ግን መርፌው የሚያገኘው ሕብለ ሰረሰርን ነው።

ምን ሊበላሽ ይችላል? በብዛት የሚታዩት ቀላል ናቸው፦ የተወጋው ቦታ ማመም፣ ፊት መቅላትና መጋል፣ ለአንድ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመሙ ለጥቂት ቀናት መባሱ። ከረጢቱ ከተበሳ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በእረፍት ይድናል፣ ካልዳነ ሐኪም ያክመዋል። ከባዶቹ ብርቅ ናቸው፦ በክፍተቱ ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ መግል፣ የሕብለ ሰረሰር መጎዳት።

ከጎን በኩል ወደ ነርቩ መውጫ ቀዳዳ የሚገባው

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ መድኃኒቱን በክፍተቱ ሁሉ ከማሰራጨት የታመመው ነርቭ ሥር ላይ ብቻ ማፍሰስ። በወገብ ይህ አካሄድ በሰፊው ይሠራበታል። በአንገት ግን ከቀዳዳው ፊት ለፊት ወደ አንጎል የሚወጣው የአከርካሪ የደም ቧንቧ ያልፋል፤ በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ሕብለ ሰረሰርን የሚመግቡ ደቃቅ የደም ሥሮች ይገባሉ። ስቴሮይዱ የደቀቀ ዱቄት ያዘለ ከሆነና በስሕተት ከነዚህ ወደ አንዱ ከገባ ቧንቧውን ይደፍናል። ውጤቱ የአንጎል ወይም የሕብለ ሰረሰር ምት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወደ ኤፒዱራል ክፍተት የሚሰጡ ስቴሮይዶች ብርቅ ቢሆንም የዓይን ብርሃን ማጣት፣ የአንጎል ምት፣ ሽባነትና ሞት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ያስጠነቀቀው በእንደነዚህ ያሉ አደጋዎች ምክንያት ነው። የ2015ቱ መግለጫም በአንገት የጎን መርፌ ላይ ዱቄት ያዘለ ስቴሮይድ ጨርሶ እንዳይገባ ይላል።

ልዩነቱን ሕመምተኛው ራሱ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ በገበያ ስሙ ዴፖ-ሜድሮል፣ እና ትራያምሲኖሎን፣ ማለትም ኬናሎግ፣ ጠርሙሳቸው ተቀምጦ ሲቆይ ነጭ ዝቃጭ ከታች ይዘቅጣል፤ ሲናጥ ወተት ይመስላል። ዴክሳሜታዞን ሶዲየም ፎስፌት ግን እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ሐኪሙ «ከጎን ነው የምሰጥዎ» ካለ ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ወተት የመሰለ ነገር ካዩ መርፌው ከመግባቱ በፊት ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

ጥርት ያለውን መድኃኒት መጠቀም አደጋውን እጅግ ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። አብሮ የሚገባ ማደንዘዣ የደም ቧንቧ ውስጥ ከገባ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ወደ ከረጢቱ ከገባ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ የትንፋሽ መቆም ሊያስከትል ይችላል። ለዚህ ነው ኦክስጅን፣ የመተንፈሻ ቱቦና ሰው ማንቃት የሚችል ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ መኖር ያለበት። የኤክስሬዩ ቀለም ሲገባም በሕያው ምስል መታየት ይገባዋል፤ የቆመ ፎቶ ቀለሙ በደም ሥር ሲሸሽ አይዝም።

ታዲያ ይህ መርፌ ለማን ይሆናል? ቀዶ ሕክምና ታስቦ ከሁለት ነርቮች የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ መለየት ሲያስፈልግ ወይም ቀድሞ በተሠራ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ምክንያት የኋላው መንገድ ሲዘጋ፣ በዚሁ ሥራ በቂ ልምድ ባለው እጅ። ለመለየት ብቻ ሲሆን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ማደንዘዣ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ጎረቤት ነርቭ ስለሚፈስ ምርመራው ዋጋ ያጣል። ሕመምተኛው በቀጣዮቹ ስድስት ሰዓታት በየሰዓቱ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይጻፍ፤ ይህ ወረቀት ከማንኛውም ትዝታ ይበልጣል።

በአልትራሳውንድ የሚሰጠው

ጨረር የለውም፤ መሣሪያው ከሲ-አርም ይረክሳል፣ በብዙ ቦታም ይገኛል። ትልቁ ጥቅሙ የደም ሥሮችን በቀለም ማሳየቱ ነው፤ ሐኪሙ በመርፌው መንገድ ላይ ያለን ቧንቧ አይቶ ይሸሻል። ደረጃውን የሚለየውም በአጥንት ቅርጽ ነው። የሲ6 የጎን አጥንት ከፊትና ከኋላ ሁለት ጉብታ አለው፣ ሲ7 ግን የኋላው ብቻ ነው ያለው። ይህን የማያውቅ ሰው በቀላሉ አንድ ደረጃ ይስታል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። አልትራሳውንድ ከአጥንት ጀርባ አያይም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ነርቩ ከቀዳዳው ከወጣ በኋላ በውጭ ይፈሳል፤ ዲስኩ ወዳቆሰለው ክፍል ምን ያህል እንደገባ በእርግጠኝነት አይታወቅም። አንገቱ አጭርና ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። እዚህም መድኃኒቱ ጥርት ያለው ዴክሳሜታዞን መሆን አለበት። ሲ-አርም ያለው ሆስፒታል ሩቅ ለሆነበት ሕመምተኛ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ከሆነ፣ ይህ ክብር ያለው አማራጭ ነው። በጭፍን ከሚሰጥ ኤፒዱራል ግን በማንኛውም ሚዛን ይሻላል።

የሌላ ሕመም መርፌዎች

በፍጥነት እንለፋቸው። የአንገት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ የሚሰጠው መርፌ ወደ ክንድ ለማይወርድ፣ አንገት ላይ ለሚቀር ሕመም ነው። የማጅራት ነርቭ መርፌ ከማጅራት ወደ አናት ለሚወጣ ራስ ምታት ነው። የጡንቻ ቋጠሮ መርፌ የትከሻ ውጥረትን ለጥቂት ቀን ያላላል፤ የታመመውን ነርቭ አይነካም። ሳንባ ቅርብ ስለሆነ በጥልቀት ከተወጋ ሳንባን ሊበሳ ይችላል። በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሚቆራረጥ የሬዲዮ ሞገድ ነርቩን የሚያረጋጋው ሕክምና ለከረመ ሕመም በአንዳንድ ማዕከላት ይሰጣል፤ የተሠሩት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው።

ከመርፌው ምን መጠበቅ ይገባል

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ሁለት ትልልቅ ግምገማዎች ወጥተዋል። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ፣ ለነርቭ ሥር ሕመም የሚሰጥ ኤፒዱራል ስቴሮይድ እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ጊዜ መጠነኛ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል፣ ማስረጃው ግን በአብዛኛው የወገብ እንደሆነና ስለ አንገት የተሠራው ጥናት ጥቂት እንደሆነ ገለጸ። በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው መመሪያ ደግሞ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ የአከርካሪ ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ እግር የሚወርደውንም ጨምሮ፣ እነዚህን መርፌዎች እንዳይሰጡ አጥብቆ መከረ። የሕመም ሐኪሞች ማኅበራት ይህን ተቃውመዋል።

ለእኛ ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ጊዜው ነው። መርፌው ሊረዳ የሚችለው ነርቩ ገና ተቆጥቶ ባለበት፣ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ለዓመታት ለቆየ ሕመም ግን በየዓመቱ እየደጋገሙ መወጋት ደካማ ምርጫ ነው። ስቴሮይዱ የነርቩን መቆጣት ያበርዳል፣ ለእንቅልፍና ለፊዚዮቴራፒ ፋታ ይሰጣል፤ ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልስም። የወጣው ዲስክ በጊዜ ብዛት ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሟሽሻል፤ አብዛኛው ሕመምተኛም ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና በግልጽ ይሻለዋል።

ከቀጠሮው በፊት

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ዋርፋሪን ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ቀድሞ ይቆምና የደም መርጋት ምርመራ ይታያል፤ ክሎፒዶግሬል 7 ቀን ገደማ፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን 3 ቀን ገደማ። መድኃኒቱን ካዘዘው የልብ ሐኪም ሳይማከሩ ግን አንድም ቀን አያቁሙ፤ የልብ ቧንቧ ማስፊያ ያለው ሰው ለአንገት መርፌ ብሎ ልቡን ሊያጣ ይችላል።

የስኳር ሕመምተኛ ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሳምንት፣ ስኳሩ ስለሚወጣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይለካ። ቀድሞውኑ ስኳሩ ልቅ ከሆነ ቀጠሮው ይራዘም።

የኤችአይቪ መድኃኒታቸው ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት ሰዎች ይህን ለመርፌ ሰጪው ሐኪም የግድ ይንገሩ። እነዚህ ጉበት ስቴሮይድን እንዳይሰብር ያግዱታል፤ በተለይ ትራያምሲኖሎን ለሳምንታት በደም ውስጥ ቆይቶ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ያወጣል፣ የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ ማምረቻ ያደክማል። በዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረተው ሕክምና ይህ ጠባይ የለውም። ምስጢሩን የሚያፍሩበት ሰው ካለ፣ ሐኪሙን ለብቻው ማነጋገር እንደሚፈልጉ ይናገሩ።

እርግዝና፣ ለኤክስሬይ ቀለም ወይም ለማደንዘዣ አለርጂ፣ በዚያ ሳምንት የታየ ትኩሳት ወይም የቆዳ መግል ካለ ይነገር። መድኃኒቱ በፋብሪካ ከታሸገ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ከሚሆን ጠርሙስ ሊቀዳ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በተበከለ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ምክንያት ከ750 በላይ ሰዎች በፈንገስ ታመው ከ60 በላይ ሞተዋል።

በሥራው ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያስተኙዎት አይጠይቁ። መርፌው ነርቭ ሲነካ «ነዘረኝ» ብሎ የሚናገር ሕመምተኛ የራሱ ጠባቂ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይወቁ፤ ከሥራው በፊት «አመመኝ» እና «ወደ እጄ ነዘረኝ» የሚሉትን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ይስማሙ፤ የሚሠራው ሥራ በሁለተኛው ላይ ወዲያው መቆም አለበትና። በሜዲኬር፣ ማለትም በአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ የሚሸፈኑ ሰዎች ደግሞ ሕመሙ ቢያንስ አራት ሳምንት እንዲቆይ፣ ለመደገም ቀድሞ የተሰጠው ሕመሙን በግማሽ ለሦስት ወር እንዲያስታግስ፣ በ12 ወር ውስጥም ለአንድ የአከርካሪ ክፍል ከአራት ጊዜ እንዳይበልጥ ይጠየቃል። «ሦስት ተከታታይ መርፌ» ብሎ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ማስያዝ መሠረት የለውም፤ የመጀመሪያው ምንም ካልረዳ ሁለተኛውን ለመስጠት የተለየ ምክንያት ያስፈልጋል።

ከመርፌው በኋላ

በዚያ ቀን መኪና አይንዱ። ማደንዘዣ ከገባ ክንዱ ለጥቂት ሰዓት ቀልሎ ማታ ሕመሙ ይመለሳል፤ ይህ መክሸፍ አይደለም። ስቴሮይዱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚሠራው። የውጤቱ ፍርድ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ይሁን።

እጅ ወይም እግር መዛል፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ የሚጨምር የአንገት ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ማጅራት መገተር ወይም የመናገር ችግር ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የተጠራቀመ ደም ሕብለ ሰረሰርን ሲጨምቅ የሚታደገው በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ

አራት ጥያቄ ይበቃል። የትኛው ነርቭ ነው፣ ኤምአርአዩስ ይስማማል? መርፌው ከኋላ ነው ከጎን፣ በየትኛው ደረጃ? በኤክስሬይና በቀለም ነው የሚሰጠው? መድኃኒቱ ማን ይባላል? ለነዚህ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ዘንድ ከሆኑ ጥሩ ቦታ ላይ ነዎት።

ሕመሙ ሦስተኛ ሳምንቱን የያዘ፣ ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው ክኒን፣ ቀላል እንቅስቃሴና ትዕግሥት ይምረጥ። ስምንት ሳምንት ሆኖት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋ፣ ኤምአርአዩ የሚስማማ ሰው የኋላውን ኤፒዱራል ይምረጥ። ሁለት መርፌ ወስዶ ያልተሻለው፣ ወይም ክንዱ እየዛለ ያለ ሰው ሦስተኛ መርፌ አይጠይቅ፤ ኤምአርአዩን ይዞ የቀዶ ሐኪም ቀጠሮ ይያዝ።